ጥቅምት ሳያልቅ፦ ቧንቧን፣ ቦይለርንና ቤትን ለደጋ ብርድ ማዘጋጀት

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማታ ደግሞ ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ መቆም አይቻልም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሆድ ነው። ቤቱም የራሱን አጥንት ይፈልጋል። የእሱ ግን ሥጋ ቤት አይገኝም፤ በመፍቻና በጭቃ ነው የሚሠራው።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ቢፈጅ ነው። ኅዳር 12፣ ሰፈሩ ለኅዳር ሚካኤል ቆሻሻውን ሲያጥን፣ እናንተ ጨርሳችሁ ብትገኙ ጥሩ ነው። ከዚያ እስከ ጥር ያለው የውርጭ ጊዜ ነው።

በእርግጥ ጎጃም ሁሉ አንድ አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለ ሰው የቦይለሩን ክፍል አንብቦ ሌላውን ቢዘል ብዙ አይቀርበትም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጅባራም ከእሷ የማትተናነስ ደጋ ናት። ወደ ጮቄ ከወጣችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ተራራው 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከሥሩ ባሉት ቀበሌዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚያድርበት ሌሊት አለ።

ብዙ ሰው የሚገርመው ዝናብ በሌለበት ወራት ሌሊቱ የባሰ መቀዝቀዙ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ክረምት ላይ ደመናው ለምድር ጋቢዋ ነው። በበጋ ጋቢው ይገፈፋል። መሬቱ፣ ቆርቆሮው፣ ደጅ የተዘረጋው ቱቦ፣ ሁሉም ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። አየሩ ራሱ 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ሆኖ እንኳ ለሰማይ የተጋለጠ ነገር ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚጠቃው ጣሪያ ላይና መሬት ላይ ተጋልጦ ያለው ቧንቧ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው እምብዛም አያሰጋም።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ጠይቁት

የሚያፈስ ቧንቧ ጠቅልሎ መሸፈን ቁስልን ሳያጥቡ እንደማሰር ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። የሽንት ቤቱ ሲስተርና የውሃው ታንከር መሙላታቸውን አረጋግጡ። የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ውሃ ሳይከፍት ድጋሚ አንሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ብዙ ቆጣሪ ላይ ለትንሽ ፍሰት የምትሽከረከር ትንሽ ቀይ ምልክት አለች፤ እሷ አትዋሽም። ግን ይህን የምታደርጉት ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ነው። ፈረቃችሁ ባልሆነበት ቀን ቆጣሪው ቢቆም ምንም አልተማራችሁም።

አብዛኛው ፍሳሽ የሚገኘው ሲስተሩ ውስጥ ነው፣ ወይም የቧንቧው ጎሚኒ አልቆ ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ጎሚኒውን ቀይሩ፤ በፈታችሁት ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠቅልሉ። አጠቃለሉ ወደምታጠብቁበት አቅጣጫ ይሁን። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታጠብቁት ይላጣል።

እግረ መንገዳችሁን ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉና ክፈቱ። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ይነክሳል። የሚነክስ መሆኑን ቧንቧ በፈነዳበት ሌሊት በእጅ ባትሪ ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል። ለቤተሰቡም ሁሉ አሳዩ። እኛ ቤት ለረጅም ጊዜ ቦታውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አብዛኛውን ሳምንት ባሕር ዳር ነኝ።

ደጅ ያለው ቧንቧ

ውሃ ሲረጋ፣ ማለትም በረዶ ሲሆን፣ 9 በመቶ ያህል ያብጣል። ቱቦው መሄጃ ካልሰጠው ይሰነጥቀዋል። የብረት ቱቦ ጥርሱ ላይ ወይም ስፌቱ ላይ ይለቃል። የነሐስ ቧንቧ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። የቆጣሪ መስታወት ይፈነዳል። ነጩ ወይም አረንጓዴው ፒፒአር የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ቱቦ በብርድ ይደርቃል፤ ጠዋት በረዶ እያለ በባልዲ ከተመታ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከሁሉም የሚችለው ጥቅል የሚመጣው ጥቁሩ ፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ትንሽ ይለጠጣል። ወደ ጮቄ በኩል አዲስ መስመር የምትዘረጉ ከሆነ ምክሬ እሱ ነው።

ዋናው መድኃኒት መቅበር ነው። አንድ ክንድ ከስንዝር ከቆፈራችሁ ለእኛ አገር ብርድ ይተርፋል። የእኛ ውርጭ የላይኛውን አፈር ነክቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ታች አይዘልቅም። ጥልቀቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ከፀሐይ፣ ከከብት እግርና ከዶማ ለመዳን ነው። ፀሐይ ፒፒአርን በጊዜ ብዛት ትበላዋለች፤ በፀሐይ የተበላ ቱቦ ደግሞ ለብርዱ አቅም የለውም።

መቅበር የማይቻለውን፣ ማለትም ከመሬት ወጥቶ ግድግዳ ላይ የሚወጣውን፣ ታንከሩ ሥር ያለውንና ቆጣሪውን ጠቅልሉት። ገበያ ላይ ቱቦ የሚያለብሱት ጥቁር ስፖንጅ ካገኛችሁ ግዙ። ካጣችሁ ያረጀ ስፖንጅ ፍራሽ እንደ መቀነት ቆርጣችሁ ጠምጥሙ። ከላይ ላስቲክ አልብሱት፤ በሲባጎ ሳይሆን በብስክሌት ጎማ ላስቲክ እሰሩት፣ አይላላም። ይህች ላስቲክ ዋና ነገር ናት። ሰው ጨርቅ ብቻ ይጠመጥምና ጨርቁ ጤዛ ይጠጣል። እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ቱቦ ራቁቱን ካለው የተሻለ አይደለም። ቆጣሪውን ስትሸፍኑ ቁጥሩን ለሚያነበው ሠራተኛ የሚከፈት አድርጉት፤ አለዚያ ገንጥሎት ይሄዳል፣ አይፈረድበትም።

የፈረንጆቹ መመሪያ በብርድ ሌሊት ቧንቧውን ጠብ ጠብ እያለ ተዉት ይላል፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይረጋምና። ሐሳቡ ልክ ነው፣ ለእኛ ግን አይሆንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ማንጠባጠብ ነውር ነው፤ ታንከራችሁም ባዶ ሆኖ ያድራል። የእኛው መንገድ ባዶ ማድረግ ነው። ወደ ደጁ ቧንቧ የሚሄደው መስመር ላይ መዝጊያ አስገቡ። ማታ መዝጊያውን ዝጉና የደጁን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው እስኪያልቅ ጠብቁ። ከፍታችሁትም እደሩ። ባዶ ቱቦ አይፈነዳም። የአትክልት ጎማ ካለ ንቀሉና ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት።

እንዲህም ሆኖ ጠዋት ቧንቧው ከረጋ ምንም አታድርጉ ብል ትስቃላችሁ። ግን እውነቴን ነው። ቧንቧውን ከፍታችሁ ቡና አፍሉ። የበጋ ፀሐይ ከ3 ሰዓት በኋላ ሥራውን ይሠራላችኋል። ከቸኮላችሁ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እያሻገራችሁ አኑሩበት። ከመሀል አትጀምሩ፤ የሚቀልጠው ውሃ መውጫ ያጣል። እሳት ከሥሩ ማንደድ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ፒፒአርማ ይቀልጣል። የፈላ ውሃም ቆጣሪው ላይ አታፍስሱ። ሲቀልጥ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ስንጥቁ የሚታየው ያኔ ነው።

ቦይለሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰው ቤት ገብቼ ስመለከት የተረሳ ዕቃ ቢኖር ቦይለር ነው። ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ የነካው የለም።

ብሬከሩን አጥፉ። መታጠቢያ ቤት በር ላይ ያለችው ማብሪያ አትበቃም። ከዚያ ሙቁን ውሃ ክፈቱና ቀዝቃዛ እስኪሆን በባልዲ አጠራቅሙት፤ ለልብስ ይሆናል። ቀጥሎ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ዝጉ፤ የሙቁን ቧንቧ ግን አየር እንዲያስገባ ክፍት ተዉት። ከቦይለሩ ሥር፣ ሰማያዊ ምልክት ባለበት በኩል፣ ትንሽ እጀታ ያላት የነሐስ ዕቃ አለች። ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ባልዲ ከሥሯ አድርጋችሁ እጀታዋን አንሱ። ውሃው መጀመሪያ ንጹሕ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ቡናማ ደለልና ነጭ ቅርፊት ይወጣል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ነው። ቀዝቃዛውን ለአፍታ ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ አለቅልቁት።

ስለዚህች ቫልቭ የሚወራው ወሬ ያናድደኛል። «ታንጠባጥባለች፣ ተበላሽታለች» ብሎ የሚደፍናት አለ። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ሲደፍናት በዓይኔ አይቻለሁ። እስቲ አስቡት። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 60 ሲደርስ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ያ ሦስት ብርጭቆ ውሃ የት ይሂድ? በዚያች ቫልቭ ነው የሚወጣው። ቦይለሩ በሚሞቅበት ጊዜ ብታንጠባጥብ ሥራዋን እየሠራች ነው። ትንሽ ቱቦ አጥልቃችሁ ወደ ፍሳሹ ምሯት። ከተደፈነችና ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከተበላሸ ግን ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችሁት ቦምብ ነው። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም ሌት ተቀን የምትፈስ ከሆነ ያኔ ቀይሯት፤ ዋጋዋ ከቦይለሩ ጋር አይወዳደርም።

ውስጡ አንድ የማግኒዥየም ዘንግም አለ። ዝገቱ በርሜሉን ከመብላቱ በፊት እሱን እንዲበላ የተደረገ ነው። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ማየት ይገባል፤ ይህን ለባለሙያ ተዉት።

ስትመልሱ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ቀዝቃዛውን ክፈቱ። ሙቁ ቧንቧ መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያንኮራፋል። ሳይቆራረጥ መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል ማለት ነው። ያኔ ብቻ ብሬከሩን አብሩ። ይህን ደንብ የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። አንድ ታኅሣሥ ውሃ ሁለት ቀን ጠፍቶ ታንከሩ አልቆ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ አበራሁት። ባዶውን የጋለው ማሞቂያ ዘንግ በአንድ ጠዋት ተቃጠለ። ስለዚህ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩም ይጥፋ። ውሃው ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ አየርና ጭቃ ነው የሚመጣው፤ ዝቅ ያለችውን የደጅ ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱት፣ ከዚያ ወደ ቤት አስገቡት።

ቴርሞስታቱን 60 ላይ አድርጉት። ዝቅ ሲል ጀርም ይመቸዋል፤ ከፍ ሲል መብራት ይበላል፣ ቅርፊቱም ይበዛል። 1,500 ዋት ያለው 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነስቶ 60 ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ይበቃዋል፤ የሚበላውም 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ አብርቶ መዋል ለማንም አይጠቅምም።

ቦይለሩ የራሱ ብሬከርና 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይኑረው፤ ኧርዝም፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የግድ ነው። ሻወር ውስጥ ቧንቧ ስትነኩ ነዘር ካደረጋችሁ «ትንሽ ነው» አትበሉ፤ አጥፉና ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ራሱ ላይ ውሃ የሚያሞቀው የሻወር ጭንቅላት 5,000 ዋት ከሆነ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ እሱን መቀጠል ኮርኒሱን በእሳት እንደመለኮስ ነው።

ብርዱ የሚገባበትን መድፈን

ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳ ድፈኑ። ማታ ነፋስ ሲኖር ጧፍ አብርታችሁ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ አዙሩት፤ መጋረጃውን ግን አርቁ። ነበልባሉ የሚጋደምበት ቦታ ብርዱ የሚገባበት ነው።

በር ሥር በአሸዋ የተሞላ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። የላላ መስታወት በስቱኮ ይያዛል። የብረት ፍሬምና ግድግዳው የተለያዩበትን በሲሊኮን ሙሉት። የጭቃ ቤት ከሆነ ክረምቱ የፈጠረውን ስንጥቅ ምረጉት። ጭቃውን ከዓምናው የጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ጥቂት ቀን ይብላላ። የዘንድሮው ጭድ እስኪወቃ ከጠበቃችሁ ውርጩ ቀድሟችሁ ይመጣል። ስንጥቁን መጀመሪያ ውሃ ርጩበት፣ አለዚያ አዲሱ ምርጊት ሳይይዝ ይረግፋል። ሲደርቅ በእበት ለቅልቁት።

ትልቁ ሌባ ግን ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሌሊት ያላባል። የሰው ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ፊታችሁ ላይ ጠብ ይላል። ሰው ጣሪያው የተበሳ ይመስለዋል። ኮምፔርሳቶ ካልተቻለ የተሰፋ ማዳበሪያ ወጥሮ ማልበስ እንኳ ልዩነት አለው። ኮርኒሱ ላይ ጭድ መከመር ይሞቃል፣ አውቃለሁ፤ ግን የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት ቦታ እኔ አልመክርም። አይጡንም መቀለብ ነው።

ከሰሉ

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። በአንድ ጥቅምት የእናቴን ቤት ከላይ እንደጻፍኩት አድርጌ ደፈንኩት። በሩ፣ መስኮቱ፣ ስንጥቁ፣ ሁሉም። ኮርቼ ነበር። ማታ እንደ ልማዷ ምድጃውን ይዛ ገባች፤ ቡናው ተፈላ፣ ምድጃው እዚያው ቀረ፤ ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። ሦስተኛው ሳይጠጣ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። እህቴ አቅለሸለሻት። ጎረቤታችን እትዬ በሩን ከፍተው ሲገቡ «መጋኛ ነው የመታችሁ» አሉ። መጋኛ አልነበረም። በሩን መክፈታቸው ነው ያተረፈን። እናቴ ነገሩ ሲገባት «አንተ ልጅ፣ ብርዱን አስወጣለሁ ብለህ እኛኑ ልታስወጣን ነበር!» አለችኝ።

ድሮ ያ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ስለነበር ከሰሉን ይሸከመው ነበር። እኔ መተንፈሻውን ዘጋሁ፤ ከሰሉን ግን አላስወጣሁም። ቤቱን መድፈን ከጀመራችሁ ከሰልን ማሰናበት የዚያው ሥራ ክፍል ነው።

ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። «በደንብ ከቀላ አይጎዳም» የሚባለው ስሕተት ነው። ጭሱ ያልቃል፣ መርዙ ግን ይቀጥላል። ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰልም ሆነ ሌላው፣ ልዩነት የለውም። ውሃ በሳህን አጠገቡ ማስቀመጥም ምንም አያደርግ። የተዳፈነ ምድጃ ይዞ መተኛት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ሁሉንም ደጅ አውጡ። የደከመ ካለ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ወተት ማጠጣት አያድንም፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።

ታዲያ በምን እንሙቅ? የኤሌክትሪክ ሂተር ከተመቻችሁ 2,000 ዋቱ 9 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ዲቫይደር ላይ አይሆንም። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከጋለ ንቀሉት። ከአልጋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ልብስ አይሰጣበት። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉት፤ ሌሊት ሲመጣ ማንም ሳያየው ራሱ ይበራል። በአራት ሰዓት 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ቦይለሩን ሦስት ጊዜ ከማሞቅ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔ ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት አብርቼ አጠፋዋለሁ።

ለአልጋ ደግሞ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ከረጢት የሚያህል የለም። ፋርማሲ ይሸጣሉ። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ፍል ውሃ አትሙሉ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ያም ቢሆን ጠርሙሱን ያኮማትረዋል፣ ክዳኑም ይለቃል።

እናቴ አሁን ቡናዋን በረንዳ ላይ ነው የምታፈላው። ጀበናው ይገባል፣ ምድጃው ደጅ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር፤ አሁን ጎረቤቶቹም በረንዳው ላይ ይሰበሰባሉ። አመዱን ግን ዛሬም አስታውሳታለሁ። ከላይ የሞተ የሚመስል ከሰል ሆዱ ውስጥ እስከ ጠዋት ይቆያል። በፕላስቲክ ባልዲ ወይም ጭዱ አጠገብ አይደፋም። ውሃ ይረጭበትና በብረት ዕቃ ደጅ ያድራል።